ቁመት አሳጣሪው መድኃኒት፤ ለአበባውና ለጤፉ

ስለ አትክልትና ስለ አበባ ልማት በተጻፉ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ «የእድገት ተቆጣጣሪዎች» የሚለውን ምዕራፍ የከፈተ ተማሪ ሁሉ ከአንድ አበባ ጋር ሳይተዋወቅ አያልፍም፤ ይኸውም ፖይንሴቲያ የሚባለው ነው። ምሳሌው፣ ሥዕሉ፣ የመድኃኒቱ መጠን የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ሁሉ በዚህ አበባ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የተጻፈውም በረዶ ለሚወርድባቸው አገሮች የመስታወት ቤት ነው። እኛም ለፈተናው እንደ ዳዊት እንደግመዋለን። በዚህ ጽሑፍ ልናደርግ ያሰብነው ያንኑ ምዕራፍ ጎንደር ላይ ሆነን እንደገና ማንበብ ነው። ለዚህም ምክንያት አለን። በመኝታ ቤትና በመመገቢያ አዳራሽ በሚነሣው ክርክር «መድኃኒቱ አበባን የሚያሳጥር ከሆነ በየዓመቱ የሚጋሸበውን የወላጆቻችንን ጤፍ ለምን አናሳጥርበትም?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ አበባውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፖይንሴቲያ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ስሙን አይወቀው እንጂ በኅዳርና በታኅሣሥ ከግቢ አጥር በላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ቁጥቋጦ እርሱ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ በውጭ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1828 ተክሉን ወደ አገሩ ከላከው ከአሜሪካው መልእክተኛ ከጆኤል ሮበርትስ ፖይንሴት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብዙ ሰው አበባ የሚለው ቀዩ ክፍል በእውነቱ ቅጠል ነው፤ አበባዎቹ በመካከሉ ያሉት ቢጫ ቢጫ ፍሬ የሚመስሉት ናቸው። ቅርንጫፉን የሰበረ ሰው ነጭ ወተት ሲወርድ ያያል። ይህን ወተት የምናውቀው ከቁልቋልና ከቅንጭብ ነው፤ ሦስቱም ዩፎርቢያ ከሚባለው አንድ ወገን ናቸውና። ስለዚህ በደጋው ገደል ላይ የቆመው ቁልቋልና በሰሜን አውሮፓ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የገና አበባ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ብንል አላጋነንም።

በግቢያችን ተክሉ ከሰው ቁመት በላይ ቢያድግ የሚከፋው የለም። ለነጋዴው ግን ቁመት ገንዘብ ነው። በማሰሮ የሚሸጥ አበባ ከማሰሮው ጋር የተመጣጠነ ካልሆነ ይወድቃል፣ በሣጥን ውስጥ ይሰበራል፣ በመኪና መደርደሪያ ላይም ቦታ ይፈጃል። ገዢው ነጋዴ ከዚህ ቁመት እስከዚህ ቁመት ብሎ በውል ያስራል፤ ከዚያ የዘለለ ዋጋው ይወርዳል። አገራችንም በዚህ ንግድ ውስጥ ድርሻ አላት። በቆቃ አካባቢ ካሉት የአበባ እርሻዎች ለተከላ የሚሆን የቅርንጫፍ ቁራጭ ተለቅሞ፣ ቀዝቅዞ፣ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄድና እዚያ ሥር አውጥቶ በማሰሮ ያድጋል። የማሳጠሩ ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ትርፉም በአብዛኛው የሚቀረው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ተክልን የሚያስረዝመው ምንድን ነው? ታሪኩ የሚጀምረው ከአበባ ሳይሆን ከሩዝ ነው። የጃፓን ገበሬዎች በማሳቸው ላይ አንዳንድ ሩዝ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቀጥኖና ገርጥቶ ሽቅብ ሲመዘዝ፣ ፍሬም ሳይሰጥ ሲወድቅ ያዩ ነበር፤ በቋንቋቸውም «ሞኙ ችግኝ» እንደ ማለት ባካናኤ ብለውታል። በ1926 ኤይቺ ኩሮሳዋ የተባሉት ተመራማሪ ይህን የሚያመጣው ፈንገስ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የቀረው ፈሳሽ ብቻውን ችግኝ እንደሚያስረዝም አሳዩ። በ1935 ቴይጂሮ ያቡታ ንጥረ ነገሩን ጅብሬሊን ብለው ሰየሙት። ኋላም ጤናማ ተክል ሁሉ ይህንኑ ነገር በገዛ ራሱ አካል ውስጥ በጥቂቱ እንደሚሠራ ታወቀ። ጅብሬሊን ሲኖር በአንጓና በአንጓ መካከል ያሉት ሴሎች ይለጠጣሉ፤ ሲጎድል ደግሞ አንጓዎቹ ቁጥራቸው ሳይቀንስ ተቀራርበው ይቀራሉ።

እንግዲህ ቁመት አሳጣሪ የሚባሉት መድኃኒቶች በአብዛኛው የጅብሬሊንን አሠራር የሚያደናቅፉ ናቸው። በ1960 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶልበርት ክሎርሜኳት የሚባለውን አስተዋወቁ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዳሚኖዛይድ ተከተለ፤ ቆይቶም ፓክሎቡትራዞል መጣ። ሦስቱ በጠባይ ይለያያሉ። ዳሚኖዛይድ የሚገባው በቅጠል በኩል ስለሆነ ከመርጨት በቀር በሌላ መንገድ አይሰጥም። ክሎርሜኳት በመርጨትም አፈር ላይ በማፍሰስም ይሠራል። ፓክሎቡትራዞል ግን በግንድና በሥር ገብቶ ከውሃው ጋር ሽቅብ ይጓዛል፤ ኃይሉም እጅግ ብርቱ በመሆኑ ከሁለቱ በብዙ እጥፍ ባነሰ መጠን ይሰጣል፤ ትንሽ የበዛ እንደሆነ ተክሉ ቆሞ ይቀራል፤ በአፈርም ውስጥ ይቆያል።

ለፖይንሴቲያ የተለመደው ክሎርሜኳት ሲሆን፣ የሚረጨው በአንድ ሊትር ውሃ ከ750 እስከ 1,500 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የቅጠሉ ጠርዝ ይቢጫል። ጫፉ ከተቀነጠበ በኋላ የጎን ቀምበጦች ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆኑ ይጀመራል፤ አበባው መፈጠር ከጀመረ በኋላ ግን አይረጭም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚያጥረው ግንዱ ሳይሆን ገዢው የሚፈልገው ቀዩ ቅጠል ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ሂሳብ ብናስገባ አንባቢ አይቀየመን፤ በሰንጠረዥ ያነበብነውን ቁጥር ወደ ባልዲ የምንለውጠው በሂሳብ ነውና። ለአበባ ተብሎ የሚሸጠው አንደኛው ዓይነት በሊትሩ 118 ግራም ገደማ ክሎርሜኳት አለው፤ ስለዚህ 1,000 ሚሊግራም ለማግኘት በአንድ ሊትር ውሃ 8 ነጥብ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ለስንዴ ተብሎ በአውሮፓ የሚሸጠው ግን በሊትሩ 750 ግራም ሊኖረው ይችላል፤ ከዚህ የሚያስፈልገው 1 ነጥብ 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ሸምድዶ ሁለተኛውን ጠርሙስ ያነሣ ሰው ከስድስት እጥፍ በላይ ረጨ ማለት ነው። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ «አንድ ክዳን በአንድ ባልዲ» የሚሉትን ዓይነት አለካክ የምንቃወመው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በጎንደር ለሚሠራ ሰው ከጠርሙሱ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም አየሩ ነው። በ1980ዎቹ በዚያው በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሮያል ሄይንስ፣ ጆን ኤርዊንና ጓደኞቻቸው እንዳሳዩት፣ የብዙ ተክሎች ግንድ ርዝመት የሚወሰነው በቀኑ ሙቀት ብቻ ወይም በሌሊቱ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ጭምር ነው። ቀኑ ከሌሊቱ እጅግ ሲሞቅ አንጓው ይራራቃል፤ ቀኑና ሌሊቱ ሲቀራረቡ ያጥራል፤ ሌሊቱ ከቀኑ ቢሞቅ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ይህን ይዘን አገራችንን እንመልከት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናቸው። በበጋ ቀትሩ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የሁለቱ ልዩነት ከ10 ዲግሪ መብለጡ የዘወትር ነገር ነው። በላዩ ላይ የላስቲክ ቤት ሲሠራ ቀኑ ይብስ ይሞቃል፤ ቀጭኑ ላስቲክ ግን የሌሊቱን ሙቀት አይዝም። እንግዲህ በደጋ የሚሠራ የላስቲክ ቤት፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ተክል ማስረዘሚያ መሣሪያ ነው። ያንኑ ረዥም ተክል በውጭ ምንዛሪ በተገዛ መድኃኒት ማሳጠር በአንድ እጅ ጎትቶ በሌላው መግፋት ይሆናል።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ተክል ለሙቀት ልዩነት ስሜቱ የሚበረታው በንጋት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ቤቱ ቀዝቅዞ ቢቆይ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ቀዘቀዘ ያህል ግንዱን ይገታል። በፈረንጅ አገር ይህን ለማግኘት በመኪና የሚከፈት ጣሪያና ሙቀት ለኪ ያስፈልጋል። እዚህ ግን ቅዝቃዜው በነፃ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚያስፈልገው ገና ጎሕ ሲቀድ የላስቲኩን ጎን ጠቅልሎ የሚያነሣ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ፖይንሴቲያ ብርድ አይወድም፤ አመዳይ ሊወርድ በሚችልበት በደባርቅ ከፍታ ይህን ማድረግ ተክሉን መግደል ነው። ምክራችን ለጎንደር ከተማና ከእርሷ በታች ላለው ነው።

ማሰሮዎቹን ማራራቅም ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ቅጠል ከቅጠል ሲደራረብ ሁሉም ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይሮጣልና። የናይትሮጅን ማዳበሪያ መቀነስ፣ ውሃን አለማብዛት፣ ጫፍን በጊዜው መቀንጠብ፤ እነዚህን ማንም አትክልተኛ ያውቃቸዋል። ሄይንስና ባልደረቦቻቸው ካስለመዱት ውስጥ ግን አንዱን ልንጨምር እንወዳለን፤ ይኸውም በሳምንት ሁለት ጊዜ ቁመቱን ለክቶ ሊደረስበት ከታሰበው ቁመት ጋር በወረቀት ላይ በመስመር ማነጻጸር ነው። መስመሩ ከታሰበው በላይ ሲወጣ ብቻ እርምጃ ይወሰዳል። ዋጋው አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር ነው።

ስለ አበባው ጊዜ አንድ ቃል እንጨምር። ፖይንሴቲያ ቅጠሉን የሚያቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። በጎንደር በሰኔ ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ከ11 ሰዓት ተኩል ጥቂት ያንሳል። ከመስከረም ወዲህ ያለው ሌሊት ያለ ማንም ርዳታ ስለሚያስጀምረው አበባው ለገናና ለጥምቀት ደርሶ ይገኛል። የመንገድ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚያርፍበት ተክል ግን ሌሊት መሆኑን ስለማይገነዘብ አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በመንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ወጣቶች ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ወደ ጤፉ እንምጣ። ከላይ የተናገርነው ጅብሬሊን በአበባው ውስጥ እንዳለ ሁሉ በጤፍ፣ በገብስና በስንዴም ውስጥ አለ፤ የጓደኞቻችን ጥያቄ መሠረት ያለውም ስለዚህ ነው። በአውሮፓ ክሎርሜኳት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስንዴ ላይ ይረጫል፤ አገዳው አጥሮና ጠንክሮ ማዳበሪያ ቢበዛበትም ቆሞ ይታጨዳል። ታዲያ በደምቢያ ዋልካ መሬት ላይ ለሚወድቀው ጤፍ ለምን አይሆንም?

የመጋሸብን ጉዳት ለገበሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው፤ ዛላው ሲያፈራና የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ሲያርሰው ይከብዳል፤ ነፋስ አንዴ ካስተኛው መልሶ አይቃናም። የታችኛው ፍሬ ይሻግታል ወይም እዚያው ይበቅላል፤ አጫጁ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ሥራ እጥፍ ይሆናል። ዶክተር ሰይፉ ከተማ በ1983 ባቀረቡት ጥናት በመጋሸብ የሚጠፋው ምርት በአማካይ 17 በመቶ ነው። ለእኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የማይታየው ኪሳራ ነው። ገበሬው ዩሪያ ቢጨምር ጤፉ ለምልሞ እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ይቆጥባል። በልማት ሠራተኛው ፊት «ማዳበሪያ አልቀበል ያለ» ተብሎ የሚወቀሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገውን የሚያውቅ ነው። መጋሸብ ምርቱን የሚቀንሰው ከወደቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመዘራቱ በፊት ነው።

መድኃኒቱ በጤፍ ላይ እንደሚሠራም ተፈትኗል። በ2016 በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ ቡድን በታተመ ጥናት ፓክሎቡትራዞል የተሰጠው ጤፍ አጠረ፣ መጋሸቡም ቀነሰ፤ ድርቅንም በተሻለ ሁኔታ ቻለ። ስለዚህ «አይሠራም» ብለን የምንከራከር አይደለንም። የምንለው ከአበባው ቤት ያገኘነው ጥበብ ወደ ማሳው ሲወርድ ሦስት እንቅፋት ያጋጥመዋል ነው።

የመጀመሪያው ጭድ ነው። አበባ ሻጩ ከግንዱ የሚፈልገው ነገር የለም፤ ቢያጥርለት ደስታው ነው። የጎንደር ገበሬ ግን አንድ ጊዜ ዘርቶ ሁለት ጊዜ ያጭዳል ማለት ይቻላል፤ አንዱ ፍሬ፣ ሁለተኛው ጭድ ነው። በጥርና በየካቲት በሬው የሚኖረው በጭድ ነው፤ የቤቱ ግድግዳ የሚመረገው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ነው፤ ጭድ በገበያም ይሸጣል። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ የገብሱ ጭድ ነገርም እንደዚሁ ነው። ቁመቱን በሲሶ ያሳጠረ መድኃኒት የበሬውን መኖ ነካ ማለት ነው። የስንዴ አገዳ ከብቱ በማይጠብቀው አገር የተጻፈ መጽሐፍ ይህን በኪሳራ ዓምድ አያስገባውም፤ እኛ ግን ማስገባት አለብን።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ቅሪት ነው። ፖይንሴቲያን የሚበላው የለም። ዳሚኖዛይድ በአሜሪካ በአፕል ላይ ይረጭ በነበረበት ጊዜ ስለ ካንሰር በተነሣ ሥጋት በ1989 ለምግብ ሰብል መሸጡ ቆመ፤ ለአበባ ግን ቀጠለ። ክሎርሜኳትም በዚያው አገር ለረጅም ዘመን የተፈቀደው ለጌጥ ተክል ብቻ ነበር፤ በ2018 ከውጭ በሚገባ አጃ ላይ ሊገኝ የሚችለው መጠን ተወሰነ፤ በ2023 በአገር ውስጥ ገብስ፣ አጃና ስንዴ ላይ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አውሮፓ ደግሞ መጠን ወስና ትፈቅዳለች። ይህን የምናነሣው መድኃኒቱን መርዝ ለማለት አይደለም። የቅሪት መጠን የሚወሰነው ሰው በቀን ምን ያህል ይበላል ተብሎ ነው፤ እንጀራን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለሚበላ ሕዝብ የሚሆነውን ሂሳብ ለቁርስ አጃ የሚበላው ሕዝብ አልሠራልንም። ጭዱንም የምትበላው ላም ወተቷን የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው።

ሦስተኛው ጊዜና ገንዘብ ነው። መርጫው የሚፈለገው አገዳው መመዘዝ ሲጀምር ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ያላባራበት፣ የዋልካው ጭቃ ሰው የሚውጥበት ነው። በማሰሮ ያለ ተክል አንድ በአንድ ይለካል፤ የተዘራ ጤፍ ግን በአንድ ማሳ ላይ እንኳ እድገቱ አንድ አይደለም። ወጪውም በየዓመቱ እንደገና ይመጣል።

በየዓመቱ የማይመጣ ወጪ አለን? አለ፤ እርሱም በዘሩ ውስጥ ነው። በ1935 በጃፓን የተመዘገበው ኖሪን 10 የተባለው አጭር ስንዴ ኋላ በኖርማን ቦርሎግ እጅ ገብቶ የሜክሲኮንና የእስያን እርሻ ለወጠ፤ ቦርሎግም በ1970 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ያሳጠረው ምን እንደሆነ የታወቀው ግን በ1999 ነው፤ ተክሉ ለጅብሬሊን ጆሮውን የደፈነ ሆኖ ተገኘ። ክሎርሜኳት ከውጭ የሚያደርገውን ዘሩ ከውስጥ ያደርገው ነበር ማለት ነው። ጤፍ እንዲህ ያለ ዕድል ለረጅም ጊዜ አላገኘም። በደብረ ዘይት ተዳቅሎ በ2006 የወጣው ቁንጮ በምርቱና በፍሬው ንጣት በየአገሩ ተወደደ፤ መጋሸቡን ግን አላስቀረውም። በ2014 የጤፍ ጄኖም ተነበበ፤ በ2015 የዶክተር ዘሪሁን ቡድን አንድ አጭርና ቶሎ የማይጋሸብ ጤፍ ቁመቱ ያጠረው ቱቡሊን በሚባለው ፕሮቲን ዘረ መል ላይ በተፈጠረ ለውጥ መሆኑን ገለጸ። ይህ በጅብሬሊን መንገድ ሳይሆን በሌላ በር የገባ ማጠር ነው። ከዚሁ ሥራም ተስፋ የተባለው ዝርያ ወጥቶ ለገበሬ ተፈቅዷል። የጭዱ ጥያቄ ለአጭር ዘርም ያው ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ዘሩን ገበሬው ራሱ ከጎተራው ያወጣዋል፣ ባይስማማውም በዓመቱ ይተወዋል።

ስለዚህ የእድገት ተቆጣጣሪው ቦታ በእኛ አገር ሁለት ነው ብለን እናምናለን፤ አንደኛው በአበባ ቤት ሲሆን እዚያም ከንጋት ቅዝቃዜ ቀጥሎ ነው፤ ሁለተኛው በተመራማሪ እጅ ነው። መድኃኒቱ አንድን ዝርያ በአንድ ክረምት አሳጥሮ «ይህ ዝርያ ቢያጥር ስንት ያስገኛል?» የሚለውን ለማወቅ ያስችላል፤ በማዳቀል ያንን ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል።

በግብርና ኮሌጃችን ለምርቃት ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ጓደኛ ካለ ሥራው እንዲህ ቢሆን እንላለን። አንድ የአካባቢ ጤፍ፣ ቁንጮና አንድ አጭር ዝርያ በትናንሽ መደብ ይዘሩ፤ እያንዳንዱ መድኃኒት የተረጨና ያልተረጨ፣ ዩሪያ የበዛበትና ያልበዛበት ይኑረው። መጋሸቡ ከ0 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይለካ፤ 0 ቀጥ ብሎ የቆመ፣ 5 መሬት የነካ ነው፤ ደረጃው ከተኛው መሬት ስፋት ጋር ይሰላ። ፍሬው በሚመዘንበት ሚዛን ጭዱም ይመዘን፤ ሁለቱም በጎንደር ገበያ ዋጋ ወደ ብር ይለወጡ። ከተረጨው መደብ የወጣው ጭድ ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለከብት እንዳይሰጥ።